ያረጀ ውሻ ሲያነክስ፦ የሰው ማስታገሻ ለምን አደገኛ ይሆናል?

ለዓመታት ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ አንድ ቀን ጠዋት ለመነሣት ይቸገራል፤ እግሩን እየቆጠበም ያነክሳል። በሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳም ሆነ በአዲስ አበባ ባለቤቱ በቅድሚያ የሚያስበው ከቤት ያለውን የሕመም ማስታገሻ መስጠትን ሊሆን ይችላል። ይህ በጎ ሐሳብ ግን ውሻውን ሊገድለው ይችላል።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

በዕድሜ በገፉ ውሾች ዘንድ የተለመደው የማነከስ ምክንያት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ሆኖም እሾህ፣ ስብራት፣ የጉልበት ጅማት መበጠስ ወይም የአጥንት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ከመድኃኒት ይቀድማል።

መሰጠት የሌለባቸው

አይቡፕሮፌን እና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ምክንያቱም ብግነትን ሲቀንሱ የጨጓራን ግድግዳና የኩላሊትን የደም ዝውውር የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮችንም ያግዳሉ። ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙንም ያሳጣል። ድመትን አንድ ክኒን ብቻ ሊገድላት ይችላል።

ለውሻ የሚታዘዙት

የእንስሳት ሐኪሞች ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም ወይም ፊሮኮክሲብ ያዝዛሉ። መጠኑ በክብደት ይሰላል። ለምሳሌ ሜሎክሲካም በተለምዶ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን 0.1 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚያስፈልገው 2 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለሰው የሚሸጠው ክኒን ግን 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ይይዛል።

በሶማሊላንድ የእንስሳት ሕክምና በአመዛኙ የሚያተኩረው በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ውጭ በሚላኩት በግ፣ ፍየልና ግመል ላይ ነው። የቁም ከብት ሐኪምም ውሻን መመርመር ይችላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለከብት የሚዘጋጀው የሜሎክሲካም መርፌ በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ሲይዝ፣ ለውሻ የሚዘጋጀው 5 ሚሊግራም ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች እርስ በርስም ሆነ እንደ ዴክሳሜታሶን ካሉ ስቴሮይዶች ጋር አብረው አይሰጡም። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ ውሻ ደግሞ አስቀድሞ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ውሻው ካስታወከ፣ መብላት ካቆመ ወይም ጥቁር ሰገራ ካሳየ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ያለ መድኃኒት

ክብደትን መቀነስ መገጣጠሚያን ያሳርፋል። በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ምግባቸው በሩብ የተቀነሰ ላብራዶር ውሾች ካልተቀነሰባቸው በሁለት ዓመት ገደማ በልጠው ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ ታይቷል። ለስላሳ መኝታ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ጥፍር መቁረጥና አጫጭር የእግር ጉዞም ይረዳሉ።

ጥንቃቄ ለባለቤቱ

ሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳ ሊነክስ ይችላል። የእግር መዛል ከጠባይ ለውጥ፣ ከለሃጭ መብዛት ወይም ለመዋጥ ከመቸገር ጋር ከታየ የእብድ ውሻ በሽታን መጠርጠር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ውሻ አለመንካት ይበጃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።