አባይን የተሻገረው ሲንክ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የማወጋችሁ የሽንት ቤት መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ከመርካቶ ተነስተው ባሕር ዳር እንዴት እንደገቡ ነው። አትሳቁ፤ ስንቱን ፔንሲዮን ከፋች ያስለቀሰ መንገድ ነው።

ዕቃው ሲያዩት ወፍራም ነው፣ የሚበገር አይመስልም፤ ግን 1200 ዲግሪ ገደማ በጋለ እቶን የበሰለ ሸክላ ነውና መተጣጠፍ አያውቅም፤ ክብደት ቀስ ብሎ ቢያርፍበት ይችላል፣ ድንገት ሲገጩት ይሰነጠቃል። ይህን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጫኝ ነበሩና ካርቶኑን አንስተው ነቅነቅ አደረጉት፣ ውስጡ ኳ ሲል ሰሙ፣ ከዚያም ከፈቱትና የውኃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ለብቻው ጠቀለሉ፣ ከዚያም ባዶውን ቦታ ሁሉ በፎምና በጭድ ጠቀጠቁ፣ ከዚያም እንደሚተከለው አቁመው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ለአንዱ ሲንክ ብቻ ሳጥን አልተረፈምና በካርቶኑ ሄደ። «ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት ቢሏቸው ሳቁ፤ እውነታቸውን ነው፣ በሌሊት የሚያወርድ ሰው መች ያነባል?

አይሱዙው በንጋት ብርድ ሱሉልታን አለፈ፣ ፍቼን አለፈ፣ ከዚያም ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጋቢናው ተገፋ፣ የህዳሴን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ሽማግሌው ግን ሳጥኑን ከፊትም ከኋላም በጣውላ ወጥረውት ነበርና ፍንክች አላለም። ከደጀን በላይ የጎጃም ዝናብ ተቀበላቸው። ረዳቱ ወርዶ ሸራውን አጠበቀ፣ የራሰ ካርቶን ጉልበት የለውምና፤ በንዝረት የላላውንም ገመድ ሳበ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቡሬ ላይ፣ ዳንግላ ላይም እንዲሁ።

ባሕር ዳር ሲደርሱ ሾፌሩ ቸኩሎ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ።

«ቆይ ልጄ፣ ሳይከፈት?» አሉና ባለ ፔንሲዮኗ ሳጥኑን አስከፈቱ፣ ጀበና እንደሚገዛ ሰው ሲንኩን በጣታቸው ኳ አደረጉት፣ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ መቀመጫውም ጮኸ። በካርቶን የመጣው ሲንክ ግን ድምፁ ታፈነ፣ ገልብጠው ቢያዩት ከቧንቧው ቀዳዳ የተነሳች ቀጭን መስመር አገኙ፣ ከዚያም በማስረከቢያው ወረቀት ላይ «አንድ ሲንክ ተሰንጥቋል» ብለው ጻፉ። ዝም ብሎ የፈረመን ሰው ኋላ ማን ይክሰዋል? ሾፌሩ ፊቱ ቢጠቁርም ከሥሩ ፈረመ፤ እሳቸውም «በል፣ ምሳ ሳትቀምስ አትሄድም» ብለው ከነረዳቱ ወደ ውስጥ አስገቡት።