ታንጃቩር፦ የሩዝ ከተማና የካቬሪ ውሃ

ታንጃቩር በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ የካቬሪ ወንዝ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ከመግባቱ በፊት ተከፋፍሎ በሚዘረጋበት ዴልታ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። የነገሥታት መቀመጫ ያደረጋት የዴልታው ሩዝ ነው። ሩዙን የሚያጠጣው ወንዝ ግን በዛሬዋ የካርናታካ ግዛት ከኮዳጉ ተራሮች ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘውም በክረምቱ ከላይኛው ተፋሰስ ነው። በመሆኑም በታንጃቩር የእርሻ ታሪክ ውስጥ መሬቱን ማን ያዘ ከሚለው ጥያቄ ጎን ውሃውን ማን ይከፍታል የሚለው ሁልጊዜ አብሮ ይነሣል። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ደግሞ የዚህ ጥያቄ መልስ ከከተማዋ እየራቀ ሄዷል።

ቾላዎች ከተማዋን የያዙት በዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ የሥልጣናቸው ከፍታ የታየው ከ985 እስከ 1014 እ.ኤ.አ. በነገሠው በቀዳማዊ ራጃራጃ ዘመን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እርሱ ያሠራውና በ1010 የተጠናቀቀው የብሪሃዲስቫራ ቤተ መቅደስ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ ግንብ አለው። ጎብኚው ዓይኑን ወደ ላይ ያቀናል፤ ለኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ግን ዋናው ሀብት ከግርጌው ነው። በመሠረቱና በግድግዳው ላይ የተቀረጹት የታሚል ጽሑፎች ለቤተ መቅደሱ ሩዝና ገንዘብ እንዲያስገቡ የታዘዙ መንደሮችን ይዘረዝራሉ፤ ከመንደሮቹ አንዳንዶቹ በስሪላንካ ይገኙ ነበር። ለአንድ መብራት የዘወትር ቅቤ ለማቅረብ 96 በጎች፣ ወይም 48 ላሞች፣ ወይም 16 ጎሾች ለእረኞች ይሰጡ እንደነበር ሳይቀር ተጽፏል። በዙሪያው በተሠሩ መንገዶች እንዲሰፍሩ የተደረጉ 400 የቤተ መቅደስ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ቤትና በዓመት 100 ካላም ያልተፈተገ ሩዝ ይታሰብላቸው ነበር። ካላም የእህል መስፈሪያ ነው። ጉቦኛ ሰፋሪ እንዳያጭበረብር ይመስላል፣ ቤተ መቅደሱ በአምላኩ ስም የተጠራ የራሱ መስፈሪያ ነበረው። ከምጽዋት የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ለመንደር ሸንጎዎች በ12.5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ይበደር ነበር። ይህ ሁሉ ሲታይ ቤተ መቅደሱ የጸሎት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ጎተራም፣ አበዳሪም፣ የከተማዋ ትልቁ ቀጣሪም ነበር።

ያን ያህል ሩዝ ሊገኝ የቻለው ውሃው በሥርዓት ስለተያዘ ነው። ካቬሪ ከቲሩቺራፓሊ ከተማ በላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰሜናዊው ቅርንጫፍ ኮሊዳም ይባላል። ሁለቱ ቅርንጫፎች የስሪራንጋምን ደሴት ከከበቡ በኋላ ከታች እንደገና ይቀራረባሉ። ኮሊዳም ዝቅ ያለና ቁልቁለቱ የበዛ በመሆኑ፣ የሚያግደው ባይኖር የካቬሪ ውሃ ወደዚያ ተንሸራትቶ በአጭር መንገድ ባሕር ይገባል፤ ዴልታውም ይደርቃል። ይህን የሚከላከለው ካላናይ የተባለው ጥንታዊ ግድብ ነው። ትውፊቱ ሥራውን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ለኖረው ለቾላው ንጉሥ ለካሪካላ ይሰጣል። 329 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋትና 5.4 ሜትር ከፍታ አለው፤ የተሠራው ካልተጠረበ ድንጋይ ነው። ወንዙን አይዘጋም፤ የዘወትሩን ውሃ ወደ ዴልታው ቦዮች ይመልሳል፤ ከመጠን ያለፈውን ጎርፍ ለኮሊዳም ይለቃል።

ከቾላዎች መውደቅ በኋላ ከተማዋ በፓንድያዎች፣ ከ1532 ጀምሮ በናያካዎች፣ ከ1670ዎቹ ወዲህ ደግሞ በማራታ ነገሥታት እጅ ገባች። ገዥዎቹ ሲለዋወጡ የገቢ ምንጫቸው አልተለወጠም። በ1781 የማይሶሩ ገዥ ሃይደር አሊ ዴልታውን በወረረ ጊዜ ቦዮች ፈረሱ፤ ገበሬው ተሰደደ፤ ምርቱም ለዓመታት ሳያገግም ቆየ። በ1799 የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አስተዳደሩን ጠቀለለ። የማራታው ዳግማዊ ሰርፎጂ በስም ንጉሥ ሆኖ ሲቀር ጊዜውን ለሳራስቫቲ ማሃል ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ስብስቡ ዛሬም የከተማዋ ኩራት ነው። ወንድ ወራሽ የለም በሚል ምክንያት መንግሥቱ በ1855 ተሻረ።

ኩባንያው ግብር ይፈልግ ስለነበር የውሃው ነገር አሳሰበው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካቬሪ ወለል በደለል እየተሞላ ኮሊዳም ውሃውን ይስብ ነበር። መሐንዲሱ አርተር ኮተን በ1830ዎቹ ካላናይን መርምሮ የደለል ማስወጫ በሮች አበጀለት፤ ወንዙ በሚከፈልበት ቦታም የላይኛውን ግድብ ሠራ። ድንጋዩ በልል አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ እንዴት ጽኑ መሠረት እንደሚሆን ከጥንቶቹ ግንበኞች መማሩን ኮተን ራሱ አልደበቀም፤ ዘዴውን በኋላ በጎዳቫሪ ወንዝ ላይ ሠርቶበታል። የኮተን የላይኛው ግድብ ማርጀቱ የታወቀው በኦገስት 2018 ነው፤ በኮሊዳም በኩል ያሉት ዘጠኝ በሮቹ በጎርፍ ተወሰዱ።

የመስኖው መታደስ በመጀመሪያ የጠቀመው ሚራስዳር የሚባሉትን ባለርስቶች ነው። ብዙዎቹ ብራህሚኖች (የካህናቱ ካስት አባላት) ስለነበሩ በልማዱ ሞፈር አይጨብጡም ነበር። መሬቱን የሚያርሱት ጭሰኞችና ፓናያል የተባሉ፣ ከጌታቸው ጋር በዕዳና በልማድ የታሰሩ ዳሊት (በካስት ሥርዓቱ የተገለሉ) ሠራተኞች ነበሩ። በ1952 የወጣው ለታንጃቩር ብቻ የተለየ ሕግ ጭሰኛውን ከመነቀል፣ ሠራተኛውን ከመባረር ለመጠበቅ ሞከረ። በ1956 የወጣው የኪራይ ሕግ ደግሞ በመስኖ መሬት ላይ የባለርስቱን ድርሻ በምርቱ 40 በመቶ ወሰነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር፤ በማሳው ግን ባለርስቱ ጭሰኛውን በቀን ሠራተኛ መተካት ይቀለው ነበር። የደመወዝ ጠቡ እየመረረ ሄዶ በዲሴምበር 25 ቀን 1968 በምሥራቅ ታንጃቩር በኪልቬንማኒ መንደር ጎጆ ውስጥ የተሸሸጉ 44 ዳሊቶች በእሳት ተቃጥለው አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተከሰሱትን ባለርስቶች ከፍተኛው ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። ለአካባቢው የእርሻ ሠራተኞች ተገቢ ደመወዝ የሚወስን ሕግ የወጣው በ1969 ነው።

የውሃው መክፈቻ ከዴልታው የወጣው በ1934 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከታንጃቩር በስተ ሰሜን ምዕራብ ርቆ የሚገኘው የሜቱር ግድብ ተጠናቀቀ። 2.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ከእርሱ ጋር የተቆፈረው አዲስ ቦይ ቀድሞ ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረውን ከከተማዋ ደቡብ ያለውን ደጋማ ቀይ መሬት ወደ መስኖ አስገባ። የዴልታው የእርሻ ቀን መቁጠሪያም ከዚህ ግድብ ጋር ተቆራኘ፤ በልማድ የሜቱር በሮች የሚከፈቱት በጁን 12 (ሰኔ 5) ነው። ያን ጊዜ ኩሩቫይ የሚባለው የአጭር ጊዜ ሩዝ ይዘራና በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። ሳምባ ረጅሙና ዋናው ወቅት ሲሆን በነሐሴ ገደማ ተጀምሮ በጥር ያበቃል። ታላዲ በኩሩቫይ ማሳ ላይ ተከትሎ የሚመጣ ሁለተኛ ሰብል ነው። በ1922 በአዱቱራይ የተቋቋመው የሩዝ ምርምር ጣቢያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ኤዲቲ 27 የተባለ ዝርያ ቶሎ ስለሚደርስ ኩሩቫይን አስፋፋው፤ አዲሱን ዘርና ማዳበሪያ በአንድ ጥቅል ለገበሬው ለማድረስ በ1960 በተጀመረው አገራዊ ፕሮግራምም ታንጃቩር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች።

ሆኖም ሜቱር ራሱ የሚሞላው ከካርናታካ በሚወርደው ውሃ ነው። የካርናታካና የታሚል ናዱ ቀዳሚዎች የሆኑት ማይሶርና ማድራስ በ1892ና በ1924 ተዋውለው ነበር፤ የኋለኛው ውል የ50 ዓመት ጊዜው ሲያልፍ ክርክሩ ከረረ። በ1990 የተሰየመው ልዩ ችሎት በ2007 ሲፈርድ ለታሚል ናዱ 419፣ ለካርናታካ 270፣ ለኬራላ 30፣ ለፑዱቼሪ 7 ቢሊዮን ጫማ ኩብ መደበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 የታሚል ናዱን ድርሻ ወደ 404.25 ዝቅ አደረገው። ካርናታካ በየዓመቱ ወደ ታች የምትለቀው ከ192 ወደ 177.25 ወረደ፤ ይኸውም 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከተቀነሰው ውስጥ 10 ቢሊዮን ጫማ ኩቡ በዴልታው ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ታስቦ ነው፤ ቀሪው 4.75 ለባንጋሎር መጠጥ ውሃ ሄደ። ፍርዱ ስሌቱን አስተካከለ እንጂ የዝናብ እጥረት በገጠመ ዓመት ችግሩን ማን እንደሚካፈል የሚነሣውን ጭቅጭቅ አላቆመም። ከ2012 እስከ 2019 ባሉት ስምንት ዓመታት ሜቱር በጁን 12 አልተከፈተም፤ በ2022 ግን ውሃው ተርፎ በሜይ 24 ተከፈተ። የጉድጓድ ፓምፕ ያለው ገበሬ ቀኑን ሳይጠብቅ ችግኝ ያፈላል። በቦዩ መጨረሻ ያለ ድሃ ግን ኩሩቫይን ትቶ ለሳምባ ብቻ ይዘራል።

ውሃው በጊዜው ቢመጣ እንኳ አጨዳው የራሱ ጣጣ አለው። ኩሩቫይ የሚደርሰው የሰሜን ምሥራቁ የሞንሱን ዝናብ ሲጀምር ስለሆነ፣ በኮምባይነር የታጨደው እርጥብ ሩዝ በአስፋልት ላይ ተዘርግቶ ደመና በመጣ ቁጥር በሸራ ይሸፈናል። የመንግሥት መግዣ ጣቢያዎች ከ17 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን አይቀበሉም፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን ገደቡ ከፍ እንዲል ከዴልሂ ፈቃድ ይጠየቃል። ሳምባ ሊታጨድ ቀናት ሲቀሩት ደግሞ በቆመው ሩዝ መካከል ማሾ ይበተናል፤ በማሳው በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፤ ወጪው ጥቂት በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ ከሩዙ ይልቅ ትርፍ የሚገኝበት እርሱ ነው። በደጋማው ደቡብ ኮኮናት ተስፋፍቶ ነበር፤ በኖቬምበር 2018 የመጣው ጋጃ አውሎ ነፋስ ብዙውን ዛፍ ነቅሎ ጣለው።

ዴልታው ከሥሩ ነዳጅና ጋዝ ስላለው የቁፋሮው ጉዳይ ሌላ ሙግት አስነሣ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2020 ታንጃቩርንና አጎራባቾቿን ጥብቅ የእርሻ ቀጠና ብሎ በሕግ ከልሎ አዲስ የነዳጅና የጋዝ ፍለጋን ከለከለ። ቀደም ሲል የተጀመሩት ሥራዎች ግን እንዲቀጥሉ ተፈቅዷል።