ለረጅም ጊዜ ቆሞ የቆየ ሞተር ሳይክልን ወደ አገልግሎት ስለመመለስ

ለወራት ወይም ከዚያ በላይ ቆሞ የቆየ ሞተር ሳይክል ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ለመንገድ ብቁ ሆኗል ማለት አይቻልም። በቆመበት ጊዜ ቤንዚኑ፣ ባትሪው፣ ጎማውና ፍሬኑ ሳይታወቅ ይጎዳሉ፤ የመድን ሽፋኑና ቦሎውም ጊዜያቸው ሊያልፍ ይችላል።

ሞተሩ አልነሳ የሚልበት ዋነኛ ምክንያት አሮጌ ነዳጅ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ተንኖ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም በካርቡራተሩ ውስጥ የሚገኘውን እጅግ ጠባብ የጂግለር ቀዳዳ ይደፍናል። ስለሆነም በአሮጌው ላይ አዲስ ቤንዚን መጨመር መፍትሔ አይሆንም። አሮጌው ከታንኩም ከካርቡራተሩም ሙሉ በሙሉ መውጣት ይኖርበታል። ሞተሩ ቾክ ሲሳብ ተነስቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ ጂግለሩ ገና አልጠራም ማለት ነው። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር የተለመደ ቢሆንም ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ ነዳጅ ያስባክናል፤ በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ማጽዳት ይመረጣል። ሥራው ከከሰል ምድጃና ከማናቸውም እሳት ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሊከናወን ይገባል። የወጣው ቤንዚን ወደ ቦይ ሊደፋ አይገባም።

ሞተሩን ከማስነሳት አስቀድሞ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት መጨመር፣ ከዚያም ቁልፉ እንደተዘጋ በእግር ማስነሻው ቀስ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ማዞር የደረቀው ሲሊንደር እንዳይፋቅ ይረዳል። የሞተር ዘይቱ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ይቀየራል። የአየር ማጣሪያው ሳጥንም ይከፈት፤ አይጥ ጎጆ ሠርታበት መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጅ ይደረጋል፤ ቻርጅ ተደርጎም ካልያዘ ይለወጣል።

ሞተር የማይነሳ ሞተር ሳይክል ማንንም አይጎዳም፤ ተነስቶ የማይቆመው ግን ሕይወት ያጠፋል። የፍሬን እጀታው ወይም ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ ጎማው በነፃነት መዞሩ፣ ሲያዝም ወዲያውኑ መቆሙ መንኮራኩሩን ከመሬት አንስቶ ይረጋገጥ። የፍሬን ዘይት ያለው ከሆነ ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ ይቀየራል። ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ማርሽ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ በድንገት ወደፊት ሊወረወር ይችላል፤ ሞተሩ እንደጠፋ 2ኛ ማርሽ አስገብቶና ፍሪሲዮኑን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ብዙውን ጊዜ ያላቅቀዋል። ጎማው ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ጎኑ ከተሰነጠቀ አያገለግልም። ዕድሜውን በጎኑ ላይ ከተጻፈው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ማወቅ ይቻላል፦ 2318 ማለት በጎርጎርዮሳዊው 2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት የተከለከለ ነው። ክልከላው ለሙከራ ሲነዳም ሆነ መካኒኩ ሲነዳው ያው ነው። በመሆኑም በቅድሚያ መድኑ ይታደስ፤ ጥገናው እንዳለቀም ሞተር ሳይክሉ ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይቅረብ። ፍሬኑ አስተማማኝ ካልሆነ ወይም መድኑ ካልታደሰ በሌላ ተሽከርካሪ ተጭኖ መሄድ ይኖርበታል። ባለንብረቶች ሊብሬና የታደሰ የመድን ማስረጃ ይዘው፣ ሞተር ሳይክሉ በተመዘገበበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን መጠየቅ ይችላሉ።