የፊደል መዘዝ

ሰሞኑን ከመዘዞ የመጡ አንድ አባት ያረጀ ሲዲ ይዘውልን መጡ። ውስጡ ያለው የእድራቸው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ደብረ ብርሃን በኮምፒውተር አስጽፈውት ነበር። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። ከፈትነው። ፋይሉ አለ፣ አማርኛው ግን የለም። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት። «ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አሉን። ማንም አላበላሸውም፤ ታሪኩ ግን ረዘም ይላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦታ ጥበት ነው። የድሮው ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለራሱ ትእዛዞች የተያዘ ነው። የኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቤቱ አልበቃ አለ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በውጭ አገር የሚኖሩ እንደ ፍስሐ አጥላውና አበራ ሞላ ያሉ ባለሙያዎች ከዚህ ችግር ጋር ይታገሉ ጀመር። ቀጥሎ ገበያው ሞላ፦ ብራና፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ… አንዱ ፊደሉን ሁለት ፎንት ላይ ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። «ሀ»ን ግን እያንዳንዱ ያስቀመጠው በየራሱ ጓዳ ነው። ያ ፎንት ከሌለዎት ጓዳው ውስጥ የሚያገኙት የፈረንጁን ፊደል ነው።

ልብ በሉ፤ ተፎካካሪዎቹ ከመዋዋስ አልቦዘኑም። እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አወጡ። ስሙ «ሴራ» ይባላል፤ ያስደነግጣል እንጂ ተንኮል የለበትም። ፊደልን በድምፁ መጻፍ፣ ማለትም ኤስና ኢ ተጭኖ «ሰ»ን ማውጣት፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እየተዛመተ የብዙዎቻችን ጣት ልማድ ሆነ። ብልሃቱን ተዋዋሱ፤ ጓዳውን ግን ቆለፉ።

ፈረንጆቹስ? ኔትስኬፕ በ1995 ጃቫስክሪፕትን ሲያወጣ ማይክሮሶፍት በዓመቱ የራሱን ቅጂ ይዞ መጣ። በ1999 ደግሞ ማይክሮሶፍት ገጹን እንደገና ሳይከፍቱ መረጃ የማምጣት ብልሃት በኤክስፕሎረር 5 አቀረበ፤ ሞዚላና ሌሎቹ ወሰዱት። መሃል ላይ የተቀጣው አንዱን ገጽ ለሁለት ባላንጣ ሁለት ጊዜ የሚጽፈው ድረ ገጽ ሠሪ ነበር። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት በ1997 ሲገባ የአማርኛ ድረ ገጾች አንባቢውን «መጀመሪያ ፎንታችንን አውርዱ» ይሉት ነበር፤ ካልሆነም ጽሑፉን ሥዕል አድርገው ይለጥፉታል። ሥዕል ደግሞ አይፈለግም፣ አይታረምም።

መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው። የዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ፤ አማርኛ ለማንበብ ፎንት መለመን ቀረ። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም በኋላ ዩኒኮድን የሚያውቁ ስሪቶች አወጡ። ፉክክሩ አልሞተም፤ ማን ያምራል፣ ማን ይፈጥናል ወደሚለው ተዛወረ። ለኛ እንደሚመስለን ቦታውም ያ ነው። ብልሃት የባለቤቱ ይሁን፤ የ«ሀ» ቁጥር ግን የሁላችንም ነው።

ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ግን በራሱ አይቀየርም። የአባታችንን ፋይል ያዳንነው የፎንቱን ስም ከሰነዱ አግኝተን፣ ፎንቱን ፈልገን ጭነን፣ ወደ ዩኒኮድ ቀይረን ነው። ከዚያም እሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው መስመር በመስመር አነበብንላቸው፤ መቀየሪያው ጥቂት ፊደላት አሳስቶ ነበርና።

እናንተስ ቤት? የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የአባት ማስታወሻ የያዘ ሲዲ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። ፎንቱን የሚያስታውስ ሰው ሳይጠፋ አውጡት።