ማን ያንብብ? ማን ይጻፍ? ከወንጌል ኅዳግ እስከ 0644

በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመሬት ታሪክ መጽሐፍ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙ ቀድቷል። ብራናውን የሚከፍቱት ካህናቱ ናቸው፤ ሌላው ሲነበብ ይሰማል። ፍቆ የራሱን ስም የሚያስገባውን ደግሞ ከጽሑፉ ግርጌ ያለው ግዝት ይጠብቀዋል። ቁልፉ ግዝት ነበር ማለት ነው።

ኮምፒውተር ግዝት አይፈራም። ስለዚህ በ1971 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ሲሠሩ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ፈቃድ አሰሩ። መጀመሪያ የሚታወቁት ሁለት ወገኖች ብቻ ነበሩ፤ ባለቤቱና ሌላው ሰው። “ቡድን” የሚባለው ኋላ መጣ። ዛሬም ድረስ ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። ተደምረው ሦስት አኃዝ ይወጣቸዋል። 644 ሲባል ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑና ሌላው ያነባሉ። 600 የባለቤቱ ብቻ ነው። 777 በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት ግን ከፊት ባለችው ዜሮ ነው። በሲ ቋንቋ 0644 ማለት በስምንት መደብ የተቆጠረ ማለት ነው። ዜሮዋ ከተረሳች ማሽኑ 644ን እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ 1204 ያደርገዋል። ውጤቱ ያስቃል፦ ባለቤቱ ይጽፋል፣ ማንበብ ግን አይችልም፤ መንገደኛው ያነባል! ደግሞም ይህ ፈቃድ የሚሠራው ፋይሉ ሲፈጠር ብቻ ነው። ቀድሞ በነበረ ፋይል ላይ ፕሮግራሙ ቢጽፍ የድሮው ፈቃድ እንዳለ ይቀጥላል።

አሁን አርብ ገበያን እናስብ፤ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ገበሬው የይዞታ ደብተር በእጁ ይዟል፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ያለበት። ደብተሩ የመዝገቡ ቅጂ ነው እንጂ መዝገቡ አይደለም። መዝገቡ በመንግሥት ቢሮ ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የመረጃ ቋቱ የራሱ የተጠቃሚ ፈቃድ ይኖረዋል። ስካን የተደረገው ሰነድና የመጠባበቂያ ቅጂው ግን ተራ ፋይል ናቸው፤ የሚጠብቃቸው ያ ሦስት አኃዝ ነው። አንድ ባለሙያ “አልሠራ አለኝ” ብሎ 777 ካደረገው፣ በዚያ ማሽን ላይ መለያ ያለው ሁሉ የሰውን ድንበር ሊነካ ይችላል። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም መስጠት አያስፈልግም። የጋይንት ገበሬ ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ሲወስድ ዳኛው መዝገቡንም ሊያይ ይችላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፋይሉ 444 ተደርጎ ማንም እንዳይጽፍበት ቢታገድም፣ ማህደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው ፋይሉን ሊያጠፋው ይችላል። መሰረዝ የሚፈቀደው በማህደሩ ነውና። የጎንደሩ ብራና እንኳ እንዲህ ነበር፤ ኅዳጉን የሚፍቅ ይወገዛል፣ መጽሐፉ ግን የሚሰቀለው በዕቃ ቤት ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ምእመኑ ያውቀው ነበር።