የመርፌው ዝና

ግርሻ የሚባለው ትኩሳት፣ በልብስ ቅማል እየተዛመተ፣ ብርድና ዝናብ ልብስ ማጠብን በሚከለክሉበት በክረምት ወራት፣ በወህኒ ቤትና የቀን ሠራተኛ ተጨናንቆ በሚያድርባቸው የአዲስ አበባ ማደሪያዎች ሲጸና የኖረ ደዌ ነው። ፔኒሲሊን ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ግን ለዚህ ደዌ አንዲት መርፌ በቃችው፤ ሕሙሙ ከተወጋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርክ ይዞት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ትኩሳቱም ከቀድሞው ብሶ ይወጣል፣ ከዚያም ላብ አጥምቆት ይበርድለታል። አንዳንዱ በዚሁ ብርክ ይሞት ነበር፤ ዝናን የሚያወሩት ግን የዳኑት ናቸው። ቂጥኝም፣ ቀድሞ በአርሴኒክ መድኃኒት ወራትን የሚፈጅ ሕክምና ይጠይቅ የነበረው፣ በዚሁ መርፌ ፈጥኖ የሚታከም ሆነ።

ስለዚህ በተመላላሽ ሕክምና የሚታየው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አወሳሰድ ጉድለት፣ ከድንቁርና ሳይሆን ከእውነተኛ ፈውስ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጠበል የገባውን የሰባት ቀን ሱባዔ አንዲት ቀን ሳያጓድል የሚፈጽም ምእመን፣ የታዘዘለትን ካፕሱል ትኩሳቱ እንደ ለቀቀው አቋርጦ የቀረውን ለጎረቤት የሚያካፍለው፣ ወይም ከፍቶ ዱቄቱን በቁስል ላይ የሚነሰንሰው፣ ቀን መቁጠር ተስኖት አይደለም፤ የዘመናዊ መድኃኒት ድኅነት በአንድ ቅጽበት እንደሚገኝ መርፌው አስቀድሞ ስላስተማረው ነው እንጂ።

በዚህ እምነት ላይ መርፌ ወጊው ኑሮውን መሠረተ፤ በሆስፒታል ጥቂት ጊዜ አገልግሎ ወይም በሠራዊት ቤት ቁስል ማሰር ተምሮ የተመለሰ ሰው፣ በገበያ ቀን አንዱን መርፌ በብዙ ሰው ገላ ላይ እያዘዋወረ፣ ለሳልም ለወገብ ሕመምም ፔኒሲሊን ይወጋ ነበር፤ መጠኑንም የሚወስነው የደዌው ክብደት ሳይሆን የገበሬው ገንዘብ ነበር።

ፔኒሲሊንን በ1928 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 በስቶክሆልም የኖቤል ንግግሩን ሲያሰማ ይህን የመሰለ ነገር አስቀድሞ ፈርቶ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ፣ ተሕዋስያኑን ለመግደል ሳይሆን ለማለማመድ ብቻ የሚበቃ መጠን ወስዶ፣ የተለማመዱትን ለሚስቱ ያጋባል፤ እርሷም በሳንባ ምች ተይዛ መድኃኒቱ ከንቱ ሆኖባት ትሞታለች፤ ምሳሌው ይህ ነበር።

በኢትዮጵያ በ1964 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፋርማሲ ደንብ ሙያውን በሕግ ሥርዓት ሥር ቢያገባውም፣ የደንቡ ኃይል ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ አልፎ ወደ ሐኪሙ ብዕር አይደርስም ነበር፤ ዛሬም ረጅም ሰልፍ የሚጠብቀውና ላቦራቶሪ የሌለው የጤና ባለሙያ፣ ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ እያወቀ አሞክሳሲሊን ጽፎ ይሰዳል፤ ባዶ እጁን የሰደደው እንደሆነ በሽተኛው «ሳያክመኝ መለሰኝ» ብሎ፣ በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ራሱ በፍሬ ቈጥሮ ይገዛልና።