ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን

ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከጀርመን ተነሥቶ በኢትዮጵያ ገጠሮች የፀሐይ መብራት ያስፋፋ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ስሙ ይበልጥ የሚነሣው በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በሬማ መንደር በሠራው ሥራ ነው። በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ለዘላቂ ኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል።

ሬማ ቀድሞ ማታ ማታ የምታየው በኩራዝ ነበር። ጋዙ ገንዘብ ይበላል፣ ጭሱ ዐይን ያቃጥላል፤ የሚያጠና ልጅ ደብተሩን ወደ ነበልባሉ ሲያስጠጋ አፍንጫው በጥላሸት ይጠቁራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየጣሪያው 10 ዋት ገደማ የሚሰጥ ትንሽ ፓኔል ሰቀለ። ፓኔሉ ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ማታ ጥቂት የኤልኢዲ አምፖሎች ይበራሉ፣ ሬዲዮም ይሠራል። እንጀራ ለመጋገር ግን አይበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋት ያህል ስለሚፈልግ የእናቶች የማገዶ ሸክም እንዳለ ቀርቷል፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ከፓኔሉ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ጥገናው ነው። በእርዳታ የተሰጠ መሣሪያ ባትሪው የደከመ ዕለት የማይሠራ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድርጅቱ እዚያው ሬማ የፀሐይ ኃይል ማሠልጠኛ ከፍቶ ቴክኒሻኖችን አስተማረ፤ ቤተሰቦችም ለጥገና በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እንዲያዋጡ አደረገ።

በዚሁ ዞን፣ ከአንኮበር ግርጌ ባለችው በአሊዩ አምባ ዙሪያ እንዳለው ባለ ገደላማ አገር፣ ተራርቀው ለተሠሩ ቤቶች ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። የሬማው መንገድ በተለይ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።